ታሪኩን ሳልጨርስ የሰጠሁት ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እኔ በሠላሳ ምናምን ዓመት የወንጌላዊነት ዘመኔ የስንቱን ልጅ ስም እንዳወጣሁ ቁጥሩን አላውቀውም፤ መልአክ ግን አንድም ቀን አላየሁም። ያየሁት ደክሟት ግድግዳ ተደግፋ የተቀመጠች አራስና ደጅ ላይ የሚንቆራጠጥ ባል ነው።

ጡረታ ከወጣሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቤተ ክርስቲያኗ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ የምስጋና ወረቀትና ለሻይ የማታንስ ወርኃዊ ድጎማ ሰጥታ ሸኝታኛለች፤ አልከፋኝም። ደክሞኝም ነበር። አሁን ስም የሚፈልግ ወላጅ እኔ ዘንድ አይመጣም። ስልኩን ነካ ነካ ሲያደርግ የመጽሐፍ ቅዱስ ሴቶች ስም ከነትርጉሙ ተደርድሮ ይመጣለታል። ሐና፣ ጸጋ። ዲቦራ፣ ንብ። ራሔል፣ በግ። ለአንድ ስም አንድ ቃል። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ አዲሷን ሕፃን ታቅፋ መጣችና፣ "አባባ፣ ኑኃሚን ብለናታል። ደስ የምታሰኝ ማለት ነው አይደል?" አለችኝ። "ነው፤ ያሳድግልሽ" አልኳት። ውሸት አልተናገርኩም። ግን የዚያን ቀን ምሳ አልበላ አለኝ። ያንን ስም በዕድሜዬ ያወጣሁት ለአንዲት ልጅ ብቻ ነው፤ እንዴት እንዳወጣሁት ለማንም አውርቼ አላውቅም። ነገርን ነገር ያነሳዋልና ከመነሻዬ ልጀምር።

የተወለድኩት ከጨንቻ በላይ፣ ጉም ከማይለየው መንደር ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ እኔንም ለዚያው ነበር ያሰበኝ። እጄ ግን አልታዘዝ አለ። ክር በበጠስኩ ቁጥር ይቆጣኛል፤ በተቆጣኝ ቁጥር እበጥሳለሁ። ስድስተኛ ክፍልን ስጨርስ፣ "ይሄ ልጅ ወረቀት እንጂ ፈትል አያውቅም" ብሎ ለጋሽ ኦይቻ አስረከበኝ።

ጋሽ ኦይቻ የአጥቢያችን ወንጌላዊ ነበሩ፤ እንጀራቸው ግን እንደ አባቴ ሽመና ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ እግራቸውን ከሸማው ጉድጓድ ከተው መወርወሪያቸውን ይወረውራሉ፤ እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አነባለሁ። የሥራውን ሀሁ ያስተማሩኝ እዚያ ነው። መጽሐፉ በአማርኛ ነው፤ የሚሰማን ሰው ጋሞኛ ነው የሚያውቀው። በዚያ ዘመን በጋሞኛ የተጻፈ በእጃችን አልነበረም። ስለዚህ አንዱን ዐረፍተ ነገር በዓይን አንብቦ፣ ዓይንን ከገጹ ነቅሎ፣ የሰሚውን ፊት እያዩ በጋሞኛ መናገር ነው። መጀመሪያ ሰሞን ዓይኔ ቀድሞ ይሄዳል፣ አፌ ይቀራል። ያልተመቸኝን መስመር ዘልዬ ማለፍም ለምጄ ነበር። ጋሽ ኦይቻ ከመወርወሪያቸው ቀና ሳይሉ፣ "ክሩ ተበጥሷል፤ ተመለስ" ይሉኛል። ምን እንደዘለልኩ እንዴት እንደሚያውቁ አይገባኝም ነበር፤ ማንበብ የጀመሩት በጎልማሳነታቸው ነው፤ መጽሐፉን ግን በቃላቸው ይዘውት ኖሯል።

ምእመናኑ ሴት ልጅ ስትወለድላቸው የመጽሐፍ ስም ስጡን እያሉ ይመጣሉ። የጨንቻው ቄስ የክርስትና ስም ሲያወጡ የዕለቱን ቅዱስ ያዩና ነገሩ በዚያው ያልቃል። ጋሽ ኦይቻ በዚህ ይቀኑባቸው ነበር። "የአባ ሥራ ቀላል ነው፤ ቀኑ ራሱ ይሠራላቸዋል" ይላሉ። የእሳቸው መንገድ ረጅም ነበር። ስም በተጠየቁበት ቀን ስም አይሰጡም። መጀመሪያ ወደ አራሷ ቤት ይሄዳሉ፤ የቀረበውን ይበላሉ፤ ከዚያ፣ "ከዚህ ቤት ማንን ቀብራችኋል?" ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን ሰምተው ይመለሳሉ። በሌላ ቀን መጽሐፉን ይዘው ይሄዱና ስሟን ያሰቡላትን ሴት ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለእናትየው ይነግሯታል። ደግ ደጉን አይመርጡም። ሲጨርሱ፣ "በይ አሁን አንቺ ንገሪኝ" ይሏታል።

እሷ ስትነግራቸው የሚጠብቁት ነገር ነበራቸው፤ የምትዘልለውን። "እናት የምትፈራውን ትዘላለች" ይሉኝ ነበር። በወሊድ እህቷን ያጣች አንዲት ሴት የራሔልን ታሪክ መልሳ ስትናገር፣ ራሔል በምጥ መሞቷን ሳትነካው አለፈች። ጋሽ ኦይቻ መጽሐፉን አጠፉና በሳምንቱ በሌላ ስም መጡ። አንዱ ደግሞ የጨንቻ ገበያ ነጋዴ ነበር፤ ስሙን ከስብከት ላይ ሰምቶት ኖሮ፣ "ጋሼ፣ ልጄ ኤልዛቤል ትባልልኝ፤ የንግሥት ስም ነው፣ ያምራል" አላቸው። አልተከራከሩትም። እስከ መጨረሻው አነበቡለት። ንግሥቲቱ በመስኮት ተወርውራ ውሾቹ ሲመጡ ሰውየው ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ "ሐና ይበቃናል ጋሼ" አለ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። "ሰምቶ መረጠ። አለቀ" አሉኝ።

ራሴን ችዬ የተመደብኩት ላንቴ በምትባል የቆላ መንደር ነው። ደገኛ ቆላ ሲወርድ መጀመሪያ የሚቀበለው ወባ ነው፤ እኔንም በሁለተኛው ሳምንት ተቀበለኝ። አለቃዬ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ዳንሳ ነበሩ። ከእምነት የማይናወጡ፣ ከወንበራቸውም የማይነቃነቁ ሰው ናቸው። በአገሩ ደንብ ሰው ሲሞት ሜዳ ተወጥቶ፣ የሟቹ ሥራ አንድ በአንድ እየተጠራ፣ ደረት እየተመታ ቀኑን ሙሉ ይለቀሳል። አቶ ዳንሳ ይህን ልቅሶ የጠሉትን ያህል ሰይጣንን የጠሉ አይመስለኝም። የአሮጌው ሕይወት ነው፣ አማኝ ተስፋ አለው፣ እንዲህ አያለቅስም ይላሉ። በየቀብሩ ላይ ድምፅ የምታሰማ እናት ካለች ለእኔ በዓይናቸው ይጠቅሱኛል፤ እኔ ሄጄ ክንዷን ይዤ፣ "በቃ እህቴ፣ ጌታ ይመስገን በይ" እላታለሁ። በዚህ ጎበዝ ነበርኩ። ስንቷን እንዲህ አስቁሜ መለስኩ።

ከዚያ ደርግ ጠነከረ። አንድ ሰኞ ወረቀትና ቁልፍ ይዘው መጡና ቤተ ክርስቲያናችንን ዘጉ። አግዳሚ ወንበሮቹ ወደ ገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ሄዱ፤ ቆርቆሮ ቤቱ የማዳበሪያ መጋዘን ሆነ። እኔን ያሥሩኛል ብዬ ስጠብቅ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የሚያውቅ ሰው ጠፍቷቸው ኖሮ አስተማሪ አደረጉኝ። ጠዋት የዘጉትን አፍ ከሰዓት በኋላ ፊደል አስቆጥርበት አሉኝ። ማንጎ ዛፍ ሥር ሰሌዳ ሰቅዬ ገበሬውን ሀ ሁ አስቆጥር ጀመር። ምእመናኑን የማገኘው በሌላ ቦታ ነው። ብዙዎቹ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ እርሻ ለቀን ሥራ ስለሚሄዱ፣ እኔም መቆፈሪያ ተሸክሜ እሄድና ሙዙ መሐል አራት አምስት ሆነን እንቀመጣለን። መዝሙር የለም። ንባብ ካለም ሁለት ሦስት መስመር ነው።

አየለች ከእነዚያ አንዷ ነበረች። የላንቴ ገበሬ የዘውዴ ሚስት ናት፤ ዘውዴ አንድ ቃል ሲናገር እሷ አሥር ትናገራለች። ኤልያስና ሳሙኤል የሚባሉ ሁለት ጎረምሶች ነበሯት። ከሳሙኤል በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ሳትወልድ ቆይታ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በተዘጋ በዓመቱ ገደማ ሴት ልጅ መጣችላት። ሕፃኗን አዝላ እዚያ ሙዝ መሐል ድረስ መጣች። በዕድሜ ታላቄ ስለሆነች አንተ ነው የምትለኝ። የምንነጋገረው በጋሞኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

"መምህር፣ ስም ስጠን።"

"ቤት መጥቼ አነብልሻለሁ።"

"ቤት እንዳትመጣ። የቀበሌው ሊቀመንበር አጥራችን ሥር ነው የሚውለው። አሁን በለኝ። ደስታ ያለበት ስም ይሁን፤ ከስንት ዓመት በኋላ ነው የመጣችልኝ።"

የእርሻው ካቦ ከቦዩ ማዶ ቆሞ ወደ እኛ ያያል። ታሪኩን ልንገር ብል ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። "ኑኃሚን በያት" አልኩ። "ደስ የምታሰኝ ማለት ነው።"

"ታሪኳስ?"

"ረጅም ነው። ሌላ ቀን አነብልሻለሁ።"

ስሙን ሦስት ጊዜ ለራሷ ደጋገመችውና እየሣቀች ሄደች።

ያ ሌላ ቀን አልመጣም። ፈርቼ ነው ብል እውነት ነው፤ ፍርሃት ብቻ ቢሆን ግን ይህን ዛሬ አልጽፈውም ነበር። አየለች በሳምንት አራት ቀን ማንጎው ሥር ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ፊደል ትቆጥራለች። በአሥር ዐረፍተ ነገር ልነግራት እችል ነበር። ስሙ ደስ ብሏታል፤ ሙዝ በመጣላት ቁጥር ከፍላ ታመጣልኛለች፤ ሰው ሲያመሰግነኝ ደስ ይለኛል። ይህን ሁሉ የሚያበላሽ ታሪክ ከምን አምጥቼ ልንገራት አልኩና ተውኩት። የመጽሐፉን ኑኃሚን ታሪክ ግን አሳምሬ አውቀው ነበር። ረሃብ ገብቶ ከባልዋና ከሁለት ወንዶች ልጆቿ ጋር ከአገሯ ተሰደደች፤ በሰው አገር ባልዋ ሞተ፤ ቀጥሎ ሁለቱም ልጆቿ ሞቱ። ይህ ሁሉ ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው።

ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ በመጀመሪያ ኤልያስ ተወሰደ። በሚቀጥለው ዙር ሳሙኤል። ኤልያስ ከመሄዱ በፊት፣ ጎተራ ውስጥ የተደበቀውን የአባቱን መጽሐፍ ቅዱስ አውጥቶ አንድ ገጽ ጫፉን አጥፎ ለእናቱ አሳያት። "የእህቴ ስም እዚህ ጋ ነው እማ፤ ማንበብ ስትጨርሺ ታገኚዋለሽ" ብሏት ነው የሄደው። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው።

ዘውዴ የሞተው ሳሙኤል በሄደ በዓመቱ ነው። ወባ ነው አሉ። ቀብሩ ላይ አየለች ሜዳው መሐል ወጥታ ባሏን ትጠራ ጀመር። እንዴት ዝምተኛ እንደነበረ፣ ቦይ ሲቀድ ውሃው እንዴት እንደሚታዘዘው፣ አንድ ቀን እጁን አንሥቶባት እንደማያውቅ። ሴቶቹ ሊቀበሏት አፋቸውን ሲከፍቱ አቶ ዳንሳ ጠቀሱኝ። ሄጄ ክንዷን ያዝኩ።

"እህት አየለች፣ አማኝ እንዲህ አያለቅስም። ጌታ ይመስገን በይ።"

አየችኝ። "ጌታ ይመስገን" አለች። ከዚያ በኋላ ድምፅ አላሰማችም። አቶ ዳንሳ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ እኔም ሥራዬን የሠራሁ መስሎኝ ቤቴ ገባሁ።

የዘመቻው ፈተና ሲደርስ አየለች አለፈች። ምስክር ወረቀቷን ራሴ ነኝ ያስረከብኳት፤ ጣቷ ላይ የነበረው የጣት አሻራ ቀለም የመጨረሻዋ እንዲሆን እያልኩ ቀልጄባታለሁ። ሁለት ወር ያህል ቆይታ፣ በቀትር፣ በኩታ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ቤቴ መጣች። ትንሿ ኑኃሚን አራት ዓመት ሊሆናት ነው፤ ከጎረቤት ትታት ኖሯል። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። መጽሐፉን ከፈተችና ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ታነብልኝ ጀመር። ፊደል በፊደል ነው፤ አማርኛውንም ከፊደሉ ጋር ማንጎው ሥር ተምራዋለች። ሳትሳሳት ነው። ያንን ያህል አምርራ የምታነብ ተማሪ አልነበረችኝም። ሁለቱ ልጆች ከሞቱበት ስትደርስ ጣቷን ሳታነሣ ቆመች።

"የሷ ባል ሞተ ይላል። የኔም ሞቷል። ሁለቱ ልጆቿ ሞቱ ይላል። የኔ ሁለቱም ግንባር ናቸው፤ ደብዳቤ ካየሁ ስድስት ወር ሆኖኛል። ይህን ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ስሙን ውሰደው። ልጆቼ ሳይሞቱ ከቤቴ አውጣልኝ።"

"እህቴ፣ ስም ሰው አይገድልም።"

"ስም ምንም የማያደርግ ከሆነ ለምን ትሰጣለህ? ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ስትሠራ ነበር?"

መጽሐፉን ዘጋችና በኩታው መልሳ ጠቀለለችው።

"ቅዳሜ ገበያ ነው" አለች። "እስከዚያ ካልወሰድከው ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄጄ አስለውጠዋለሁ። አብዮት በሏት ይሉ ይሆናል፤ ይበሉ።"

ሊቀመንበሩ ይህን ስም ማን አወጣላት፣ የት ሆኖ አወጣላት ብሎ እንደሚጠይቃት የታወቀ ነው። እሷ ለማስፈራራት አላለችውም፤ ይህ ሐሳቧም አልነበረም። እኔ ግን ያኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ልጆቿ አልነበረም፤ ስለ ራሴ ነፍስ ነው። ሰው በመጨረሻ የሚያውቀው ራሱን ነው መሰለኝ። ፍርሃቱ ጋብ ሲልልኝ ደግሞ ሌላው ጭንቀት መጣ። ስሙን ብወስድ ስሙ ገዳይ ነው ብዬ መሰከርኩባት ማለት ነው። ባልወስድና ልጆቹ ቢሞቱ፣ ያቺ ሕፃን በእናቷ ቤት ወንድሞቿን የገደለች ሆና ታድጋለች።

በማግስቱ የእህል መኪና ላይ ተሳፍሬ ጨንቻ ወጣሁ። ጋሽ ኦይቻ ሽመናውን ትተዋል፤ ዓይናቸው ፈዞ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። እንደ መርማሪ ይጠይቁኝ ጀመር።

"ቤቷ ሄደህ ነበር?"

"አልሄድኩም።"

"አነበብክላት?"

"አላነበብኩም።"

"መልሳ ነግራሃለች?"

"ጋሼ፣ ጊዜው..."

"ጊዜውን ተወው። እና ስም አልሰጠሃትም እኮ ልጄ።" ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ። "ከየት ላይ ነው ያቆመችው?"

"ልጆቹ ከሞቱበት።"

"ሴትዮዋን መንገድ ላይ ትተሃት ነዋ የመጣኸው። ሂድ፣ እስከ መጨረሻው ንገራት። ከዚያ እሷ ትወስን።"

"ስሙ ይለወጥ ብትልስ?"

"ይለወጣላ። ስሙ ያንተ መሰለህ እንዴ?"

ሲሸኙኝ ቆሎ በኪሴ አደረጉልኝና፣ "እንዳትዘል" አሉኝ። ይህን ያሉት ረጋ ብለው ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን ተቆጥተውኝ አያውቁም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጽሐፉን በብብቴ ይዤ ሊቀመንበሩ በሚውልበት አጥር ሥር አልፌ አየለች ቤት ገባሁ። ከአራት ዓመት በፊት መግባት የነበረብኝ ቤት ነው። የተቀቀለ የሽፈራው ቅጠልና የበቆሎ ቂጣ አቀረበችልኝ፤ በላሁ። ከዚያ፣ "ከዚህ ቤት ማንን ቀብራችኋል?" አልኳት። የምታውቀውን ሰው ምን ትጠይቀኛለህ ብላ አልተገረመችም። ዘውዴን ነገረችኝ፤ ቀጥላ ከኤልያስ በፊት ስለቀበረቻት፣ ሰምቼ ስለማላውቃት አንዲት ሕፃን ነገረችኝ።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ረሃቡን፣ ስደቱን፣ ሦስቱን ቀብር ነገርኳት። ከምራቷ ጋር ባዶ እጇን ወደ አገሯ የተመለሰችበትን ነገርኳት። የከተማዋ ሴቶች ወጥተው ይህቺ ኑኃሚን ናትን ሲሉ ደረስኩ። ከዚያ ያለው መስመር አለ። ዓይኔ ቀድሞ አይቶት ኖሮ ወደሚቀጥለው ሄዷል፤ አፌም ሊከተለው ነበር። ጨንቻ ላይ ያሉኝ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። በዚህ ስም አትጥሩኝ፤ ማራ በሉኝ፤ መራራ ማለት ነው፤ ሁሉን የሚችል እሱ ሕይወቴን አምርሮብኛል፤ ሞልቼ ሄጄ ባዶዬን መለሰኝ፤ እንዲህ አለች አልኳት።

አየለች እጇን አነሣች። "ቁም። እንደገና በለው።"

እንደገና አልኩት።

"ስለ እግዚአብሔር ነው እንዲህ የተናገረችው?"

"አዎ።"

"በአደባባይ?"

"ከተማው ሁሉ እየሰማ።"

"ምን አደረጋት?"

"ምንም።"

"ተይ ያላት ሽማግሌ አልነበረም?"

"አልተጻፈም።"

"ዘውዴን ስቀብር ክንዴን ይዘህ ጌታ ይመስገን በይ አልከኝ" አለች።

"ብያለሁ።"

"ይህን እያወቅህ?"

"እያወቅሁ።"

ካድሬ ጠይቆኝ ያውቃል፣ ሊቀመንበር ጠይቆኝ ያውቃል፤ እንደዚህ የተጠየቅሁበት ቀን ግን የለም። "በድዬሻለሁ" አልኳት። እንባዬ መጣ፤ እሷ ግን አላለቀሰችም። "ቀጥል" አለችኝ።

ቃርሚያውን፣ የገብሱን አውድማ፣ የምራቷን ጋብቻ ነገርኳት። በመጨረሻም ሕፃን ተወልዶ አሮጊቷ ጭኗ ላይ ስታስቀምጠው፣ ሴቶቹም ለኑኃሚን ወንድ ልጅ ተወለደላት ሲሉ ነገርኳትና መጽሐፉን አጠፍኩ።

"ልጆቿስ ተመለሱ?"

"አልተመለሱም።"

"እንግዲያው አይዋሽም" አለች መጽሐፉን እያየች።

"በይ አሁን አንቺ ንገሪኝ" አልኳት። ነገረችኝ። ረሃቡን አልዘለለችም። ቀብሮቹን አልዘለለችም፤ የልጆቹን ሞት ስትል ድምፅዋ ወረደ እንጂ አለፈችው አልልም። መራራ በሉኝ የሚለውንማ ከእኔ አስበልጣ ነው የተናገረችው። ቃርሚያው ላይ ደረሰችና አቆመች።

"ሕፃኑን ዘለልሽው" አልኳት። በጋሽ ኦይቻ ደንብ ከሄድኩ ስሙ ሊነሣ ነው።

"አልዘለልኩትም" አለች። "ገና አልደረስኩበትም።"

ቅዳሜ ገበያ ሄደች። ሊቀመንበሩ ዘንድ አልሄደችም። ልጅቷን በደጃፌ ስታሳልፋት ኑኃሚን ብላ ስትጠራት ሰማሁ። እኔም ከዚያ በኋላ ስም በጠየቀኝ ሰው ሁሉ ቤት ገብቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ ቀበሌ አስጠርተው አሳድረውኛል፤ ከዚህ የከፋ አልመጣብኝም።

ደርግ ሲወድቅ ወታደሩ በእግሩ፣ በጭነት መኪና፣ እየለመነ ወደየቤቱ ገባ። ሳሙኤል ከስቶ፣ አንድ ጫማ አድርጎ መጣ። ኤልያስን እንጠብቅ ስንል ከርመን አብሮት የነበረ አንድ የወላይታ ልጅ ላንቴ ድረስ መጥቶ የሞተበትን ቦታ ለእናቱ ነገራት። ቤተ ክርስቲያናችን ተከፍቷል፤ የማዳበሪያው ሽታ ገና ከግድግዳው አልወጣም። አቶ ዳንሳ ወደ ወንበራቸው ተመልሰዋል።

አየለች ሜዳው መሐል ወጣች። ሕዝቡ ከቧት ቆሟል። ልጇን መጥራት ጀመረች፤ ሙዝ ሲተክል፣ ታናሹን ሲያዝል፣ ለእህቱ ገጽ ሲያጥፍ።

"መምህር፣ ያዛት" አሉኝ አቶ ዳንሳ።

"አልይዛትም።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"አንድ ጊዜ ይዣታለሁ አቶ ዳንሳ። ይበቃል።"

በዚህ ምክንያት በወሩ ወደ ደጋ የሚያዛውር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ያንን ቀን ስለ ደብዳቤ አላሰብኩም። አየለች አላቆመችም፤ ማንም ሊያስቆማት አልሄደም። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴት ከከበበው ሰው መሐል ወጥታ አጠገቧ ቆመችና የራሷን ልጅ ስም ጠራች። ከሁለት ዓመት በፊት የቀበረችው ነው። ሌላዋ ወጣች፤ ባሏን ጠራች። ሌላዋም ተከተለች። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ክንዳቸውን ይዤ ጌታ ይመስገን በይ ያልኳቸው ናቸው። ፀሐይ ከደጋው ተራራ ጀርባ ስታዘቀዝቅ ገና አልጨረሱም ነበር።